የሟች አደራ በማን ዋጋ ይከፈላል?

ሰው ነፍሱ ከሥጋው ከተለየች በኋላ በሕያዋን ላይ የሚቀርለት መብት ምንድን ነው፤ በአልጋው ላይ ሆኖ የተናዘዘውስ ቃል ከእርሱ ጋር ወደ መቃብር ይወርዳል ወይስ በቀሩት ትከሻ ላይ እንደ ዕዳ ይቀመጣል የሚለው ጥያቄ፣ ሊቃውንተ ሃይማኖትንም፣ ሕግ አዋቂዎችንም፣ ባለቅኔዎችንም በየዘመኑ ሲያሟግት የኖረ ነው። ሕያው ሰው ቃል የገባለት ባልንጀራው ቢያጥፍበት ይወቅሳል፣ ይከሳል፣ ዋስ ይጠራል፤ ሙት ግን አንደበት የለውምና በእርሱና በባለዕዳው መካከል ከእግዚአብሔርና ከባለዕዳው ኅሊና በቀር ዳኛ የለም። ስለዚህ ለሙት የተገባ ቃል ከቃል ሁሉ ይልቅ ንጹሕ ሊሆን ይችላል፤ ተቀባዩ ውለታ ሊመልስ አይችልምና። ከቃል ሁሉ ይልቅም ሊረክስ ይችላል፤ ተቀባዩ ሒሳቡን ሊመረምር አይችልምና።

ይህን ሒሳብ በሟች ፈንታ ቁጭ ብለው ከመረመሩት ጸሐፍት መካከል አሜሪካዊው ዊልያም ፎክነር አንዱ ነው። «አዝ አይ ሌይ ዳይንግ» የተባለው፣ በአማርኛ «በሞት ጣዕር ተኝቼ ሳለሁ» ልንለው የምንችለው መጽሐፉ የታተመው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1930 ዓ.ም. ነው። ደራሲው መጽሐፉን ሲጽፍ በሚሲሲፒ ግዛት በኦክስፎርድ ከተማ፣ በዩኒቨርሲቲው የኃይል ማመንጫ ቤት የሌሊት ተረኛ ነበረ፤ የእጅ ጽሑፉም ኦክቶበር 25 ቀን 1929 ዓ.ም. ተጀምሮ በዚያው ዓመት ዲሴምበር 11 ቀን መፈጸሙን ያመለክታል። የመጽሐፉ ርእስ የተወሰደው ከሆሜር ኦዲሴ 11ኛ መጽሐፍ ሲሆን፣ በዚያ በሚስቱ ሤራ የተገደለው ንጉሥ አጋሜምኖን በሙታን አገር ሆኖ የአሟሟቱን ነገር ይተርካል። ዳሩ ግን በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ከአጋሜምኖን አስቀድሞ አንድ ሌላ ሙት ይናገራል፤ እርሱም ኤልፔኖር የተባለው፣ ባልንጀሮቹ ሳይቀብሩት ጥለውት የሄዱት ወጣት ነው። ኤልፔኖር አለቃውን ኦዲሴዎስን ተመልሰህ ቅበረኝ ብሎ ይማጸነዋል፤ ኦዲሴዎስም ተመልሶ ይቀብረዋል። ፎክነር ርእሱን ከንጉሡ አፍ ቢወስድም፣ የመጽሐፉ ነገር ግን ወደዚህ ወደ ተረሳው ልጅ ልመና ያደላ ይመስለኛል።

ታሪኩ ሲጠቃለል አጭር ነው። ደራሲው በአሳቡ በፈጠረው ዮክናፓታውፋ በተባለው አውራጃ፣ በኮረብታ ላይ ባለ የድኻ እርሻ፣ አዲ ባንድረን የምትባል የአምስት ልጆች እናት ታማ ትሞታለች። ከብዙ ዓመት በፊት፣ ሁለተኛው ልጅዋ ዳርል በተወለደ ጊዜ፣ የሞተች ዕለት ዘመዶችዋ ወደ ተቀበሩበት ወደ ጀፈርሰን ከተማ ወስዶ እንዲቀብራት ባልዋን አንስን ቃል አስገብታዋለች፤ ከተማውም 40 ማይል ያህል ይርቃል። የበኩር ልጅዋ ካሽ አናጢ ነውና፣ እርስዋ በመስኮት እያየችው ሣጥንዋን ከደጅ ያበጃል። ዳርልና ወንድሙ ጁዌል ለ3 ዶላር ዋጋ እንጨት ሊጭኑ ሄደው ሳይመለሱ ነፍስዋ ትወጣለች። ዝናብ ይዘንባል፣ ወንዙ ይሞላል፣ ድልድዮቹ ይወሰዳሉ፤ ቤተሰቡም አስከሬኑን በሠረገላ ጭኖ መሻገሪያ ፍለጋ ይንከራተታል። ጎርፉን በድፍረት ሲሻገሩ በቅሎዎቹ ይሰጥማሉ፣ የካሽ እግር ይሰበራል፣ ሣጥኑንም ጁዌል ከውኃው ያወጣዋል። ከዚያ በኋላ ሽታው መንገደኛውን ሁሉ እያሸሸ፣ ጥንብ አንሣ በሰማይ እየተከተላቸው ይጓዛሉ፤ በሞትሰን ከተማ ሲያልፉ አስከሬኑ ስምንት ቀን ሆኖታል። ጊለስፒ በሚባል ገበሬ ዘንድ ባደሩበት ሌሊት ዳርል ሣጥኑ ያደረበትን ጎተራ ያቃጥላል፤ ጁዌል አሁንም ሣጥኑን ከእሳት ያወጣል። በመጨረሻ ጀፈርሰን ደርሰው ይቀብሯታል፤ ዳርል ተይዞ ጃክሰን ወዳለው የእብዶች ማቆያ ይላካል፤ አንስም ባማረ ሰው ሠራሽ ጥርስ አጊጦ፣ አዲስ ሚስት አስከትሎ ወደ ልጆቹ ይመጣል።

ይህን ሁሉ የሚነግረን አንድ ተራኪ አይደለም። መጽሐፉ በ59 ክፍል የተከፈለ ሲሆን፣ 15 ሰዎች በየተራ እየቀረቡ እንደ ምስክር ያዩትንና የመሰላቸውን ይናገራሉ፤ ከእነዚህ ውስጥ 19ኙ ክፍል የዳርል ሲሆን፣ ለሟችዋ ለአዲ የተሰጣት ግን አንድ ክፍል ብቻ ነው፤ እርሱም ሣጥኑ ከጎርፉ ከወጣ በኋላ የሚመጣ የሙት ቃል ነው። ደራሲው ራሱ አንዳች ፍርድ አይሰጥም። ፍርዱን ለአንባቢው ትቶታልና፣ እኔም ከአንባቢዎቹ አንዱ እንደ መሆኔ የመሰለኝን ልፈርድ እደፍራለሁ።

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ታሪክ ስናነብ ጉዞው ራሱ የምዕራብ አገር ሰዎችን እንደሚያስገርማቸው አያስገርመንም። የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ቃል ኪዳን ተስፋ አድርገው አስከሬናቸው ወደ ደብረ ሊባኖስ እንዲወሰድ የተናዘዙ ስንት አባቶች እንደ ነበሩ፣ ዛሬም በአሜሪካ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን የሟቻቸውን አስከሬን ወደ ትውልድ አገሩ ለመላክ እንዴት ገንዘብ እንደሚያዋጡ እናውቃለንና፣ አርባ ማይል በሠረገላ መሄድ እብደት ነው የሚለው የብዙ ሐያስያን አስተያየት ለእኛ ቸኩሎ የተሰጠ ፍርድ ሆኖ ይታየናል። የዮሴፍ አጥንት ከግብፅ እስከ ሴኬም ተጉዟል። ሕዝቡ ከግብፃውያን ብርና ወርቅ እየተቀበለ ሲወጣ፣ ሙሴ ራሱ ያልማለውን የአባቶቹን መሐላ አስቦ አጥንቱን ይዞ ወጣ። እንግዲህ ጥያቄው ስለ መንገዱ ርዝመትና ስለ አስከሬኑ ሽታ ሳይሆን፣ ወርቁን የያዘው ማን ነው፣ አጥንቱን የተሸከመውስ ማን ነው የሚለው ነው።

ወደ አንስ ባንድረን እንመለስ። አንስ በሃያ ሁለት ዓመቱ በፀሐይ ሲሠራ ታሞ ስለ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ላብ ያላበኝ ዕለት እሞታለሁ እያለ የሚኖር ሰው ነው፤ ጎረቤቶቹም ላብ በሸሚዙ ላይ አይተው አያውቁም። መጥፎ ዕድሉን ሁሉ በቤቱ ደጅ በሚያልፈው መንገድ ያሳብባል፤ እግዚአብሔር መንገድን ለመሄጃ በአግድም፣ ሰውንና ዛፍን ግን ለመቆሚያ በቁመት ፈጠረ እያለ ይፈላሰፋል። የሰው ዕዳ መሆን አልወድም የሚለው ቃል ከአፉ አይለይም፤ ይህን እያለም ካደረበት ቤት ሁሉ ይበላል፣ የሰው በቅሎ ይጠይቃል፣ የሰው ጎተራ ይገባል። ለሚስቱ ቃል ገብቻለሁ የሚለውን ግን ማንም ሊያስለውጠው አይችልም። ጎረቤቶቹ ታልና ሳምሰን፣ በሌላ መቃብር ቅበራት፣ ጎርፉም እስኪጎድል ጠብቅ ቢሉት፣ በዚያ በለሰለሰ፣ በተጎዳ ድምፁ ቃሌን ሰጥቼአታለሁ ብሎ ይመልሳል። ላይ ላዩን የሚያይ ሰው ይህን ሰምቶ፣ እነሆ ሰነፍ ቢሆንም ታማኝ የሆነ ባል ሊል ይችላል።

ዳሩ ግን ሒሳቡ ይመርመር። በቅሎዎቹ በሰጠሙ ጊዜ አንስ ስኖፕስ ከሚባለው ሰው ሌላ ጥንድ በቅሎ ሊያገኝ ሄደ፤ ለዚህም ከራሱ ያወጣው ያለውን ማረሻና መዝሪያ በመያዣ ማስያዝ ብቻ ነው። የቀረውን የሞላው፣ ካሽ የሸክላ ማጫወቻ ሊገዛበት ያጠራቀመውን 8 ዶላር ራሱን ስቶ ከተኛው ልጁ ኪስ በማውጣትና፣ ጁዌል ሌሊት ሌሊት የሰው መሬት እየመነጠረ በጉልበቱ የገዛውን ፈረስ ሳይጠይቀው በመለወጥ ነው። የካሽን የተሰበረ እግር በሐኪም ዋጋ ፈንታ በጥቂት ሳንቲም ሲሚንቶ አሰረለት፤ በመጨረሻም ሐኪሙ ፒቦዲ ሲሚንቶውን ሲያነሣው የእግሩ ቆዳ አብሮ ተገፈፈ። ሴት ልጁ ዱዊ ዴል ፅንስዋን ታስወርድበት ዘንድ ሌፍ የተባለው ወዳጅዋ የሰጣትን 10 ዶላር፣ አበድሪኝ እያለ ሲለማመጥ ቆይቶ ነጥቆ ወሰደ፤ በከተማውም ጥርሱ ተገዛ። አሥራ አምስት ዓመት ያለ ጥርስ የኖረ ሰው ነውና ጥርስ መመኘቱ ኃጢአት አይደለም። ኃጢአቱ፣ የሚስቱን አደራ ለምኞቱ መሸፈኛ ማድረጉና የሁለቱንም ዋጋ ልጆቹን ማስከፈሉ ነው። በሰው እጅ የእባብ ጉድጓድ ይለካል የሚለው የአባቶቻችን ተረት ስለዚህ ሰው የተነገረ ይመስላል።

ንጉሥ ዳዊት በኢያቡሳዊው በኦርና አውድማ ላይ መሠዊያ ሊሠራ በሄደ ጊዜ፣ ኦርና አውድማውንም በሬዎቹንም በነጻ ውሰድ ብሎት ነበር። ዳዊት ግን ለአምላኬ ያለ ዋጋ መሥዋዕት አላቀርብም ብሎ በ50 ሰቅል ብር ገዛ። እንደ እኔ አስተያየት፣ ስለ ስእለትና ስለ አደራ በመጻሕፍት ከተጻፈው ሁሉ ይህ አንዱ ታሪክ ለነገራችን ይበቃል፤ ስእለት የሚጸናው ከተሳለው ሰው ኪስ ሲወጣ ነውና። ከሌላው ኪስ የወጣ እንደ ሆነ ግን ምን እንደሚከተል ዮፍታሔ ምስክር ነው። ድል ካደረግሁ ከቤቴ ደጅ ወጥቶ የሚቀበለኝን እሠዋለሁ ብሎ ተሳለ፤ የከፈለችው ግን ከበሮ ይዛ የወጣችው አንዲት ልጁ ናት። በእኛም ሥነ ጽሑፍ የሐዲስ ዓለማየሁ በዛብህ፣ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ፣ ወላጆቹ በተሳሉት ስእለት ታስሮ ዕድሜውን ሙሉ የራሱ ያልሆነ ዕዳ ሲከፍል ይኖራል። ሐና ሳሙኤልን ለቤተ መቅደስ መስጠትዋ ከዚህ የሚለይ ነውን ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ቢኖር፣ ሐና ለዓመታት ያለቀሰችበትን፣ ሌላ ያልነበራትን ብቸኛ ሀብትዋን ሰጠች ብዬ እመልስለታለሁ፤ ሆኖም ሳሙኤል ራሱ ባይወድ ኖሮ ነገሩ ምን ይሆን እንደ ነበር እኔም ይከብደኛል።

ቤተ ክርስቲያናችን የሰውን በደልና ጽድቅ በኀልዮ፣ በነቢብና በገቢር ብላ ትከፍለዋለች፤ ሰው በሚያስበው፣ በሚናገረውና በሚሠራው ይመዘናልና። ፎክነር ይህን ትምህርት ከእኛ አልተማረው፤ ነገር ግን የባንድረንን ቤት በዚህ ሚዛን ላይ ቢያስቀምጡት የሚያስደንቅ መለያየት ይታያል። አዲ በዚያ በአንድ ክፍልዋ፣ ቃል ለጎደለው ነገር ቅርጽ ብቻ እንደ ሆነ፣ ፍቅር የሚለውን ቃል የሚያዘወትረው ፍቅርን የማያውቅ ሰው እንደ ሆነ፣ ነቢብ እንደ ቀጭን መስመር ወደ ላይ ሲወጣ ገቢር ግን ምድር ለምድር እንደሚሄድ ትናገራለች። ይህች ሴት አስቀድማ የትምህርት ቤት መምህርት ነበረች፤ የቃልን ከንቱነት ያወቀችው ቃልን ስታስተምር ኖራ ነው። ጎረቤትዋ ኮራ ታል፣ መዝሙርና የመጽሐፍ ቃል ከአፍዋ የማይለይ ደግ ሴት ስትሆን፣ በአዲ ነፍስ ላይ የምትፈርደው ፍርድ ግን አንድም ጊዜ እውነቱን አይነካም። ሰባኪው ዊትፊልድ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። ጁዌል በዝሙት የተወለደ የእርሱ ልጅ ነው፤ አዲ እየሞተች መሆንዋን ሲሰማ፣ ኃጢአቱን ለአንስ ሊናዘዝ ቆርጦ በሞላ ወንዝ ውስጥ አለፈ፤ መሞትዋን በሰማ ጊዜ ግን እግዚአብሔር ፈቃዴን እንደ ሥራ ቈጠረልኝ ብሎ አመሰገነ፤ ወደ ሐዘን ቤቱም ገብቶ ለቤቱ የእግዚአብሔርን ጸጋ ለመነ። በኀልዮ ተናዘዘ፣ በነቢብ ባረከ፣ በገቢር ግን ምንም አልከፈለም። መጽሐፉ ስለዚህ ሰው ከጥቂት ገጽ በላይ አላባከነም፤ እኔም አላባክንም።

ካሽ የሚናገረው ጥቂት ነው፤ ሲናገርም ስለ እንጨት ነው። ሣጥኑን በሰያፍ ግጣም ለምን እንደ ሠራው የሚያስረዳበት ክፍል 13 ቁጥር ያለው የምክንያት ዝርዝር ብቻ ነው፤ ብዙ አንባቢዎች ይህን እንደ ቀልድ ያነቡታል። እኔ ግን በመጽሐፉ ውስጥ ካሉት የሐዘን ቃላት ሁሉ ከዚህ የጠለቀ አላገኘሁም። ሌላው ሁሉ ስለ እናቱ ሞት ሲናገር እርሱ ሳንቃውን አንድ በአንድ እያነሣ፣ ይበቃሻል ወይ እንደሚል ሁሉ በመስኮቱ ያሳያታል፤ ዝናብ እየወረደበት ሌሊቱን ሙሉ ይጠርባል። ሴቶቹ ግን የሠርግ ልብስዋ እንዳይጨማደድ ብለው ራስዋን ወደ እግርዋ ገልብጠው ስላስተኟት ሣጥኑ ሚዛኑ ተዛብቶ በወንዙ ውስጥ ያዘነብላል፤ ካሽም ሚዛን የለውም ብዬ ነግሬአቸው ነበር ከማለት በቀር ማንንም አይወቅስም። እግሩ ተሰብሮ፣ በሲሚንቶ ታስሮ፣ በእናቱ ሣጥን ላይ ተኝቶ ሲሄድ፣ ምንም አላመመኝም ይላል። ዋጋውን ከገዛ አጥንቱ ከፈለ፤ ደረሰኝም አልጠየቀም።

ጁዌል ከወንድሙ የተለየ ነው፤ ቁጡ ነው፣ ተሳዳቢ ነው፣ ከእናቱና ከፈረሱ በቀር ፍቅሩን ያየ የለም፤ እነርሱንም የሚወደው በስድብና በቡጢ ነው። አባቱ ፈረሱን እንደ ለወጠበት በሰማ ጊዜ ፈረሱ ላይ ተቀምጦ ሸሸ፤ ሁሉም ላይመለስ ሄደ ብለው ነበር። በማግሥቱ ግን ፈረሱ በስኖፕስ በረት ተገኘ፤ ጁዌል ሌሊት ወስዶ ራሱ አስረክቦት ነበርና። ስለዚህ ነገር አንድ ቃል እንኳ አይናገርም፤ በመጽሐፉ ሁሉ የእርሱ የሆነው ክፍል አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ከዚህ በፊት ያለፈ ነው። አዲ በሕይወትዋ ሳለች ይህ ልጅ ከውኃና ከእሳት ያድነኛል ብላ ለኮራ ነግራት ነበር፤ ኮራ ይህን ሰምታ በልጅዋ አምልኮ ጣዖት ገባች ብላ አዘነችላት። ነገሩ ግን እንደ ተናገረችው ሆነ።

አሁን ከባዱ ነገር ቀርቶናል፤ እርሱም ዳርል ነው። ዳርል ሳይነግሩት የሚያውቅ፣ በሌለበት የሚያይ ሰው ነው፤ እናቱ የሞተችበትን ሰዓት በቦታው ሳይኖር የሚተርክልን እርሱ ነው፤ የእኅቱን ፅንስና የጁዌልን የተሰወረ አባት ያወቀው እርሱ ነው። ይህን የመሰለ የኀልዮ ሰው፣ ያ በየመንገዱ የሚጎተት፣ የሚሸት፣ የሚዋረድ ሥጋ የእናቱ መሆኑን ሲያይ፣ ይህ ይብቃ ብሎ እሳት ለኰሰ። በዚህ ሥራው የሚያመሰግኑት ብዙዎች ናቸው፤ በመጽሐፈ ሳሙኤልም የኢያቢስ ገለዓድ ሰዎች በጠላት ቅጥር ላይ የተሰቀለውን የሳኦልንና የልጆቹን ሥጋ አውርደው በእሳት አቃጥለው አጥንቱን እንደ ቀበሩና ሰባት ቀን እንደ ጾሙ ተጽፏልና፣ እሳት ለተዋረደ ሥጋ ምሕረት ሊሆን እንደሚችል የሚክድ የለም። ነገር ግን የኢያቢስ ሰዎች ሌሊቱን ሁሉ የተጓዙት በገዛ እግራቸው ነው፤ አደጋውንም የተቀበሉት በገዛ ነፍሳቸው ላይ ነው። ዳርል ያቃጠለው ግን ለቤተሰቡ ማደሪያ የሰጠውን፣ እግሩ የተሰበረውን ወንድሙን ያስተናገደለትን ድኻ ገበሬ ጎተራ ነው፤ ከብቶቹም በውስጡ ነበሩ። የአባቱን ከንቱ ቃል የናቀው ይህ ብልህ ልጅ፣ ለምሕረቱ ዋጋ ሲያስፈልገው እንደ አባቱ ከሌላው ኪስ አወጣ። ይህን ስጽፍ ደስ አይለኝም፤ ዳርል በመጽሐፉ ውስጥ ከማንም ይልቅ የምንቀርበው ሰው ነውና።

ካሽም ስለዚሁ ሲያስብ ሁለት አሳብ ይይዘዋል። በአንድ በኩል፣ ዳርል ያደረገው እግዚአብሔር እናታችንን ከእጃችን ሊወስዳት የፈለገውን እንደ መፈጸም ነበር ይላል፤ በሌላ በኩል ደግሞ፣ ሰው በላቡ የሠራውን ማጥፋት በምንም ምክንያት አይገባም ይላል፤ እብድና ጤነኛ የሚባለውም ብዙው ሰው እንደሚያየው እንጂ በራሱ የተቆረጠ ድንበር የለውም ብሎ ይጨምራል። ይህን የሚል ካሽ ግን ወንድሙ ሲያዝ ዝም ብሎ ተመልክቷል፤ ጊለስፒ እንዳይከሳቸው ዳርል ለእብዶች ማቆያ መሰጠቱን አስቀድሞ ያውቅ ነበር። እንግዲህ በዚህ ቤት ፍጹም ንጹሕ የሆነ የለም። ዳርል በባቡር ተጭኖ እየሳቀ ሄደ፤ ከልጆቹ ሁሉ የመጨረሻውንና የከበደውን ዋጋ ከፈለ።

የዳርል ነገር ከአዲ ነገር ጋር የተያያዘ መሆኑን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። አዲ ያን ቃል ከአንስ የተቀበለችው በዳርል መወለድ ምክንያት ነው። በዚያን ጊዜ በቃል እንደ ተታለለች ተሰምቷት፣ ባልዋን ልትገድለው እስክትመኝ ድረስ ጠልታው፣ በቀልዋ እርሱ በቀል መሆኑን ሳያውቅ የሚፈጽመው እንዲሆን አድርጋ ያን ልመና ለመነችው። ስለዚህ ከመጀመሪያው አደራው የፍቅር አደራ አልነበረም። ያልተወደደው ልጅ ዳርል፣ በልደቱ ቀን በተተከለው በቀል ሲነዳ ኖሮ፣ በጎተራው ውስጥ ሊያቃጥለው የፈለገው ምናልባት ሥጋዋን ሳይሆን ያንኑ ቃል ይሆናል። አዲም እንደ ባልዋ ናት፤ በአንስ ላይ የፈለገችውን በቀል ያስከፈለችው ልጆችዋን ነው፤ አንስማ እነሆ ጥርሱ ነጥቶ፣ ጢሙ ተላጭቶ ቆሞአል።

እንግዲህ በቀል ያለበት አደራ ተቀባዩን ያስራልን? ሕግ አዋቂዎች በተንኰል የተገኘ ቃል አይጸናም ሊሉ ይችላሉ፤ ፍርዳቸውንም አልነቅፍም። ነገር ግን ካሽና ጁዌል የእናታቸውን ልብ ምሥጢር አያውቁም ነበር፤ ያወቁት እናታቸው በዘመዶችዋ አጠገብ ማረፍ እንደ ፈለገች ብቻ ነው። እነርሱ በፍቅር ስለ ተቀበሉት፣ በበቀል የተጀመረው ቃል በእነርሱ እጅ ሌላ ነገር ሆነ። ሰጪው ያረከሰውን ተቀባዩ ሊቀድሰው እንደሚችል፣ ሰጪው የቀደሰውንም ተቀባዩ ሊያረክሰው እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አልፈልግም።

የቀሩትን ሁለት ልጆች ባልጠቅሳቸው ይከብደኛል። ዱዊ ዴል መድኃኒት ፍለጋ የገባችበት የመጀመሪያው ሻጭ ሞዝሊ በሃይማኖት ቃል ገሥጾ አሰናበታት፤ ሁለተኛው ማክጎዋን ሐኪም መስሎ አታልሎ ክብርዋን ደፈረ፤ በሐዘንዋ ጊዜ ያዘነላት ግን የለም። ትንሹ ቫርዳማን ደግሞ እናቱ በሞተችበት ቀን ያጠመደውን ትልቅ ዓሣ ራሱ ቆራርጦት፣ እናቱና ዓሣው በአሳቡ አንድ ሆኑበት፤ በሣጥኑም ውስጥ ትንፋሽ ያጥራታል ብሎ በመሰርሰሪያ ሲበሳው ፊትዋን አቆሰለ። ሞትን ያላወቀው ይህ ልጅ ብቻ ለሟችዋ እስትንፋስ አሰበላት።

በጀፈርሰን መቃብሩን ለመቆፈር አካፋ እንኳ አልያዙም ነበር፤ አንስ ከመንገድ ዳር ካለ ቤት ተበደረ፤ አካፋውንም ሊመልስ ሄዶ የቤቱን እመቤት አግብቶ ተመለሰ። አዲ ባንድረን በፈለገችበት ቦታ ተቀብራለች፤ ይህ እውነት ነው። አንስ ቃሉን ጠበቀ የሚሉትን ሐያስያን ግን አልቀበላቸውም። ቃሉን የሰጠው እርሱ ነው፤ የፈጸሙት ካሽና ጁዌል ናቸው፤ ዕዳውን ግን ዳርል እስከ ዕድሜው ፍጻሜ በጃክሰን ይከፍላል።